የአንጎል አሳሽ፦ ስለ አንጎል ተከላካይ ሕዋሳትና ስለ ብግነት የአማርኛ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በያዘው ስፍራ ብቻ አይደለም። ሐኪም ለሕመምተኛ፣ መምህር ለተማሪ፣ የእንስሳት ሐኪም ለከብት አርቢ ሲናገረው ምን አደረሰ? ምንስ አስቀረ? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። በዚህ ሂስ የሚመረመሩት ስያሜዎች የአንጎልን ተከላካይ ሕዋሳትና በአንጎልና በነርቭ ላይ የሚነሣውን ብግነት የሚመለከቱ ናቸው። ርእሰ ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ ከባሕር ማዶ ቤተ ሙከራዎች ያልወጣ፣ ለእኛ ቋንቋ ገና ያልደረሰ ይመስል ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሕመሙ ከእኛ ጋር የኖረ ነው፤ ስሙም በየቤቱ አለ። የጎደለው፣ ነባሩ ስምና አዲሱ ዕውቀት ተገናኝተው መመርመራቸው ነው።

ለዚህ ምርመራ ሦስት ከተሞች እንደ መስሚያ ስፍራ ተመርጠዋል፤ እነርሱም አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የሚያዋስኑት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በሰበታ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ብሔራዊ ተቋምና ነባሩ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይገኛሉ። በቡራዩ በኩል፣ በገፈርሳ፣ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል አለ። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋች የሣርና የወተት አገር ስትሆን፣ ከብት ባለበትም ውሻ አይጠፋም። በሦስቱም አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። እንግዲህ ቃሎቻችን በእነዚህ ስፍራዎች ሲነገሩ ምን ይሆናሉ? የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ነው።

ስለ «እብድ ውሻ»

«የእብድ ውሻ በሽታ» የሚለው ስያሜ የሕዝብ ነው። ኦሮምኛውም «ሰሬ መራቱ» ሲል ያንኑ ሥዕል ያሳያል። ስሙ የበሽታውን መቀመጫ አልሳተም፤ ውሻው «ያበደው» ቫይረሱ በነርቭ በኩል ተጉዞ አንጎሉ ውስጥ ስለ ገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩማንያዊው ቪክቶር ባቤሽ በዚህ በሽታ በሞቱት አንጎል ውስጥ የሕዋሳት ጉብታዎች መኖራቸውን ገለጸ። ጉብታዎቹ ኋላ እንደ ታወቀው በዋናነት እነዚሁ የምንወያይባቸው የአንጎል ተከላካይ ሕዋሳት ተሰባስበው የሠሯቸው ናቸው። ዛሬም በሽታው በእርግጠኝነት የሚለየው የሞተው እንስሳ አንጎል በቤተ ሙከራ ሲመረመር ነው። ስለዚህ ሕዝቡ «አበደ» ሲል፣ ተመራማሪውም አንጎልን ከፍቶ ሲመለከት፣ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

የስያሜው ጉድለት ያለው በሌላ በኩል ነው። «እብድ» የሚለው ቅጽል የሚታይን ጠባይ ይጠይቃል፤ የሚክለፈለፍ፣ ያገኘውን የሚነክስ፣ ለሐጩ የሚዝረበረብ ውሻ እንድንጠብቅ ያደርጋል። ነገር ግን ቫይረሱ ምልክት ከመታየቱ ከጥቂት ቀናት አስቀድሞ በውሻው ምራቅ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የነከሰ ውሻ ለ10 ቀናት ታስሮ ይታይ የሚባለውም ስለዚህ ነው። ደግሞም በሽታው ሁልጊዜ በቁጣ አይገለጥም፤ መንጋጋው ዝሎ፣ እግሩ ተይዞ፣ ጥግ ይዞ የሚሞት ውሻ አለ። ልጁ የተነከሰበት አባት «ውሻው የጎረቤት ነው፤ ደግሞም አላበደም» ብሎ ቢቀመጥ፣ ያሳሳተው ስንፍና ሳይሆን ቃሉ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ በመሆኑ፣ የአንድ ቅጽል ስሕተት የሕይወት ዋጋ አለው።

ታዲያ ስሙ ይሻር? አይሻርም። ሥር የሰደደ ስም በዐዋጅ አይነቀልም። መታረም ያለበት ፍቺው ነው። መዝገበ ቃላት «እብድ ውሻ የሚያመጣው በሽታ» ብሎ ስሙን በስሙ ከሚፈታ ይልቅ፣ «ደኅና በሚመስል ውሻም ንክሻ ሊተላለፍ የሚችል የአንጎል ልክፈት» ብሎ ቢፈታው፣ ቍስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ለምን እንዳስፈለገ ፍቺው ራሱ ይናገራል። «ልክፈት» የሚለውን መምረጣችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕዝቡ «በውሻ ተለከፈ» ማለትን ያውቃልና።

ስለ «ማጅራት ገትር»

ከነባር ስያሜዎች ሁሉ በጥበቡ የሚደነቀው «ማጅራት ገትር» ነው። ሁለት ቃል፣ አንድ ምልክት፤ ሐኪም ሳይኖር እናት በእጇ ልታረጋግጠው የምትችለው። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ሲበግን የአንገት ጡንቻ ይገተራል፤ ስሙም ይህንኑ ይላል። አገራችን በ1973 ዓ.ም. እና በ1981 ዓ.ም. አካባቢ በተነሡት ታላላቅ ወረርሽኞች ይህን ስም በሚገባ ተምራዋለች።

ሆኖም የስሙ ጥንካሬ ድክመቱም ነው። በጨቅላ ሕፃን ላይ የማጅራት መገተር ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ከዚያ ይልቅ እርግብግቢቱ ያብጣል፣ ሕፃኑ ጡት እንቢ ይላል፣ ይፈዛል። አንገቱ የሚተጣጠፍ ሕፃን «ማጅራት ገትር አይደለም» ተብሎ ቢታለፍ በደሉ የፍቺ ነው። እዚህም ፍርዳችን እንደ ፊተኛው ነው፤ ስሙ ይቆይ፣ ፍቺው ግን «በሕፃናት ላይ ያለ ማጅራት መገተር ሊከሠት የሚችል» የሚል ይጨመርበት።

ብግነት፣ ልክፈት፣ ምርቀዛ

በሕክምና ጽሑፎቻችን «ብግነት» የሚለው ቃል እየጸና መጥቷል። ምርጫው መልካም ነው። «አንጀቴ በገነ» የሚል ሕዝብ ከውስጥ የሚነድን፣ ከውጭ የማይታይን እሳት ያውቃል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ኬልሱስ የብግነትን ምልክቶች መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና መታመም ብሎ ቈጥሯቸው ነበር፤ የላቲኑም ቃል ከእሳት የተወሰደ ነው። ነገር ግን አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ሥሪት የለውም፤ በራስ ቅል ውስጥ ተዘግቶ ስለሚኖርም መቅላቱ አይታይም። ከኬልሱስ አራት ምልክቶች ይልቅ የእኛው «መብገን» ለአንጎል ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው ብግነት ከሌሎች ሁለት ቃላት ጋር ሲደባለቅ ነው። ልክፈት ማለት ተሕዋስያን ወደ ሰውነት መግባታቸው ነው። ምርቀዛ ቍስል መግል መቋጠሩ ነው። ብግነት ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ ሊለያዩም ይችላሉ። በየጽሑፉ «ብግነት» ሊባል የሚገባው «ምርቀዛ» ወይም «ኢንፌክሽን» ሲባል የሚገኘው አንባቢን አላስፈላጊ ወደ ሆነ መድኃኒት ይመራል።

ለዚህ ከአገራችን የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ በሚያስገባው መንገድ አካባቢ፣ በአለርት ግቢ፣ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሥራውን የጀመረው ሰውነት ለሥጋ ደዌ የሚሰጠውን ምላሽ በማጥናት ነው። «ሥጋ ደዌ» የሚለው ስም ራሱ ሂስ ይገባዋል። «ቁምጥና» ከሚለው አዋራጅ ቃል ሕመምተኛውን ስላዳነው ምስጋና አለው፤ ነገር ግን ባሲሉ ከቆዳ ሌላ ዋና ማረፊያው ነርቭ ነው። ጣት የሚጎድለው ነርቭ ደንዝዞ፣ የደነዘዘውም እጅ ሳይታወቀው ስለሚቃጠልና ስለሚቈስል ነው። ከዚህም በላይ፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ ሳለ፣ አንዳንዴም ከጨረሰ በኋላ፣ ተከላካይ ሕዋሳቱ በነርቩ ውስጥ በቀሩት የባሲል ስብርባሪዎች ላይ ሲነሡ ነርቩ ያብጣል፣ እጁም ይዝላል። «በሽታው ተመለሰ» ወይም «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ቢል አይፈረድበትም። ይህ ግን የልክፈት መመለስ ሳይሆን ብግነት ነው፤ የሚታከመውም በዋናነት ብግነትን በሚያበርድ መድኃኒት ነው። ሁለቱን የሚለይ ቃል ያልተሰጠው ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሊተው ይችላል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ይሰጥ የነበረው የእብድ ውሻ ክትባት በፌርሚ ዘዴ ከበግ ወይም ከፍየል አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። ክትባቱ ብዙዎችን አድኗል። ጥቂቶችን ግን ሰውነታቸው ከባዕዱ አንጎል ጋር የገባውን የነርቭ ሰገባ ሲቃወም የራሳቸውንም የነርቭ ሰገባ አብሮ እንዲያጠቃ አድርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር መክሯል። ይህን ጉዳት «የክትባት መርዝ» ብሎ መሰየም ስሕተት ነው፤ መርዝ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ይህ ግን ከውስጥ የተነሣ ነው። «ራስ አጥቂ ብግነት» ብንለው ነገሩ በስሙ ይታወቃል።

ስለ «ሕዋስ»

«ሕዋስ» በግእዝ የማየት፣ የመስማት፣ የማሽተት፣ የመቅመስና የመዳሰስ ኀይል ነው። በዘመናዊው ሥነ ሕይወት ግን የአካል ታናሹ ሕያው ክፍል መጠሪያ ሆኗል። ምርጫውን ዛሬ ማፍረስ አይቻልም፤ ትውልድ ተምሮበታል። ነገር ግን ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚፈጠር ልብ ይሏል። መምህር ዛሬ «ዐይን የስሜት ሕዋስ ነው» ቢል፣ ነገ ደግሞ «ዐይን ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው» ቢል፣ የሚያይ ተማሪ ሥዕሉን ተመልክቶ ይታረም ይሆናል። በሰበታ መርሐ ዕውራን ያለ ተማሪ ግን ያለው ጆሮውና ጣቱ ነው፤ ቃሉ ከከዳው የሚደግፈው ሥዕል የለውም። ለሙያ ቃል ከዚህ የበለጠ መፈተኛ አይገኝም፤ ያለ ሥዕል፣ በጆሮ ብቻ ሲሰማ ይቆማልን?

ስለዚህ ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ «የስሜት አካላት» ይባሉ፤ «ሕዋስ» ለታናሹ ክፍል ብቻ ይጠበቅ። «ነርቭ» ደግሞ እንዳለ ይቆይ። አንዳንዶች «ጅማት» ይባል ቢሉም፣ ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረው ነው፤ ሥጋ ቈርጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይለያል። ሕዝብ የተቀበለውን የውሰት ቃል ትቶ የተያዘ ቃል መንጠቅ ማበልጸግ አይደለም።

መከላከያና ተከላካይ

«መከላከያ» ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ክትባት መከላከያ ነው፤ የወሊድ መቈጣጠሪያ መከላከያ ነው፤ የአገር ሠራዊት መከላከያ ነው፤ በሽታን የሚቋቋመው የሰውነት ሥርዓትም እንዲሁ። መውጫው በራሱ በሰዋስዋችን ውስጥ አለ። «መከላከያ» የመሣሪያ ስም፣ «ተከላካይ» የአድራጊ ስም፣ «መከላከል» የድርጊት ስም ነው። ስለዚህ ክትባቱ መከላከያ፣ ሕዋሱ ተከላካይ፣ ሥራው መከላከል ይባል። ይህ ልዩነት ሲጠበቅ «መከላከያው መከላከያውን ያጠነክራል» የሚል ግራ የሚያጋባ ዐረፍተ ነገር «ክትባቱ ተከላካይ ሕዋሳትን ያነቃል» ወደሚል ግልጽ ቃል ይለወጣል።

ሙጫ፣ ወታደር ወይስ አሳሽ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ባቤሽ በጉብታ መልክ ያያቸው ሕዋሳት በዓለም ዙሪያ «ማይክሮግሊያ» ይባላሉ። «ግሊያ» በግሪክ ሙጫ ማለት ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኮ በ1856 እ.ኤ.አ. በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውን ነገር «የነርቭ ሙጫ» ያለው ማያያዣ ብቻ መስሎት ነበር። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 እ.ኤ.አ. በብር ካርቦኔት ቀለም ለይቶ ሲያያቸው ቅርጻቸውን የሚለውጡ፣ የሚንቀሳቀሱና የሚውጡ ሕዋሳት ሆነው አገኛቸው፤ ሆኖም «ሙጫ» የሚለው ቃል በስማቸው ውስጥ ቀረ። «ደቂቅ ሙጫ» ብሎ ቃል በቃል መፍታት እንግዲህ የፊርኮን ስሕተት ወደ አማርኛ ማስገባት ነው። እነርሱ ከታሪክ የወረሱትን ስሕተት እኛ በፈቃዳችን የምንወርስበት ምክንያት የለም።

«የአንጎል ወታደር» የሚለውም አይበቃም። ወታደር የሚታወቀው በጠላት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ግን ጠላት በሌለበትም ይሠራሉ፤ በሚያድግ አንጎል ውስጥ የማያስፈልጉ የነርቭ መጋጠሚያዎችን ይገርዛሉ፣ የሞተውን ያነሣሉ። ከነጭ የደም ሕዋሳት ጋር አንድ አድርጎ መቍጠርም ስሕተት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአይጥ ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሚመነጩት በፅንስ መጀመሪያ ከአስኳል ከረጢት እንጂ እንደ ደም ሕዋሳት ከአጥንት መቅኒ አይደለም።

ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎች እነዚህን ሕዋሳት «ያረፉ» እና «የነቁ» እያሉ ለሁለት ይከፍሏቸው ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ግን በሕያው አይጥ አንጎል ውስጥ በማጉያ መነጽር ሲታዩ፣ «አረፉ» የተባሉት ክንዶቻቸውን ሳያቋርጡ እየዘረጉና እየሰበሰቡ ዙሪያቸውን ሲዳስሱ ተገኙ። በ2022 እ.ኤ.አ. ብዙ የሙያው ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ይህ ክፍፍል እንዲቀር መክረዋል። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። «ያረፈ» በአማርኛ የሞተ ማለትም ነው፤ «ያረፈ ሕዋስ» የሚሰማ ሰው ሕዋሱ የተቀበረ ቢመስለው ቋንቋውን ማወቁ ነው።

ይህ ጸሐፊ «አሳሽ ሕዋስ» የሚለውን ያቀርባል። «አሰሰ» ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው መፈተሽ፣ ዞሮ መመርመር ነው፤ አሰሳ የምንለው። ሁለተኛው ምጣድን መጥረግ ነው፤ ጋጋሪዋ በእንጀራና በእንጀራ መካከል በማሰሻዋ ምጣዱን ታስሳለች፤ ካላሰሰች ቀጣዩ እንጀራ ይይዛል። ሕዋሱም የሚያደርገው እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ነው፤ ዞሮ ይመረምራል፣ የቆሸሸውን ይጠርጋል። በሥዕል ሳይሆን በጆሮ ለሚማር ተማሪም ማሰሻውን በእጁ ማስያዝ ይቻላል።

የሚሰነዘር ተቃውሞ መኖሩን አልዘነጋንም። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን የቤት ለቤት አሰሳ ላየ ትውልድ ቃሉ አስፈሪ ትዝታ አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም ቃሉን የሚያስጥል አይደለም። አሰሳ ልኩን ሲያልፍ የሚጎዳው ንጹሑ ቤት ነው፤ የአንጎል ብግነትም ሕመም የሚሆነው አሳሹ ልኩን አልፎ ጤናማውን ነርቭ ሲያጠፋ ነው። ቃሉ የጥበቃውንም የጥፋቱንም ጎን ይይዛል።

አንጎልና አእምሮ

በመጨረሻ አንድ ልዩነት ይጠበቅ ዘንድ እናሳስባለን። አንጎል አካል ነው፤ አእምሮ ዕውቀትና ማስተዋል ነው። «የአእምሮ ብግነት» የሚለው በአንዳንድ ጽሑፎች የሚታይ አነጋገር ልክ አይደለም፤ የሚበግነው አንጎል ነው። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ስፔናዊው ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ የገለጹትን ራስ አጥቂ የአንጎል ብግነት ማስታወስ ይበቃል። የዚህ በሽታ ሕሙማን በመጀመሪያ የሚያሳዩት መቃዠት፣ መጠራጠርና መለፍለፍ በመሆኑ ብዙዎቹ በቅድሚያ የሚወሰዱት ወደ አእምሮ ሐኪም ነው፤ በጊዜ ከታወቀ ግን አብዛኞቹ ይሻላቸዋል። ወደ ገፈርሳ፣ ወደ ጸበል ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም መሄድ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ ቤተ ዘመድ በሚሰጠው ስም ነው። «አበደች» የሚል ቃል ብቻ ያለው ቤት አንድ መንገድ ብቻ ያያል፤ «አንጎሏ በግኖ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ቤት ሌላም በር ያንኳኳል።

«ቤተ ሙከራ» ስለሚለውም አንድ ነገር እንበል። ሙከራ የሚደረግበት ቤት ቤተ ሙከራ ይባል፤ በሰበታ የላም ደም ወይም የውሻ አንጎል የሚታይበት ግን «ቤተ ምርመራ» ቢባል ይሻላል። ባለ ላሙ «ሙከራ» ሲባል ይሰጋል፤ ምርመራን ግን ይፈልገዋል።

ለማጠቃለል፣ ይህ ሂስ የሚያቀርባቸው አዲስ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ «አሳሽ ሕዋስ»፣ «ራስ አጥቂ ብግነት»፣ «ቤተ ምርመራ»። ከዚያ የሚበዛው ሥራ ያሉትን ቃላት እርስ በርሳቸው መለየትና ፍቺያቸውን ማቅናት ነው። የቃላት አዘጋጆች አዲስ ቃል ከመቅረጻቸው በፊት የሱሉልታውን አርቢ፣ የሰበታውን ተማሪና የቡራዩን አስታማሚ ቢጠይቁ፣ ግማሹን ሥራ ተሠርቶ ያገኙታል፤ የቀረው ግማሽ ምን እንደ ሆነም ከእነርሱው ይሰማሉ።